በወይራ የታጠነው የከርከዴ ወይን

ሙያ የሌላት ሴት የምታበላሸው የራሷን ቤት ነው፤ ባለሙያዋ ግን የሰውንም ታዳርሳለች። እኔ ባለሙያ ነኝ። ፊደሉን ከግማሽ ባላልፈውም፣ ከገነተ ማርያም እስከ ላሊበላ ለጠላና ለጠጅ ያልተጠራሁበት ድግስ የለም።

ታዲያ ሙሉ የምትባለው ምራቴ ከከርከዴ አበባ ወይን እጥላለሁ ስትል ብስቅ ይፈረድብኛል? ደረቁን አበባ ቀቀለች፣ አጠለለች፣ ስኳርና እርሾ ጨምራ በጀሪካን ከተተችው። ጌሾ የለው፣ ጋን የለው! ልጄ፣ ይሄ መጠጥ ነው ወይስ የልብስ ቀለም? አልኳት። «እማማ፣ የዚህ ሙያው አለመነካካቱ ነው» ብላ ሳቀች። አንድ ባለሆቴል ቀምሶ ከወደደው ለገና እንግዶቹ ሊወስድላት ቃል ገብቶ ነበር። ከተዳረች ጀምሮ «የእኔ ነው» ያለችው የመጀመሪያ ሥራዋ ነው።

እህቷን ልትጠይቅ ለሁለት ቀን ጋሸና ስትሄድ ጓዳዋ ገባሁ። ቀመስኩ። እውነቱን ልናገርና ጥሩ ነበር፤ ጎምዘዝ፣ ጣፈጥ፣ እንደ ሙሽራ ኩርፊያ። እዚያ ላይ ብተወው ምን ነበረበት? ያለ እኔ እጅ መጣፈጡ አላስችል አለኝ። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጠብኩ፣ በወይራ አጠንኩ፣ ወይኑን ገለበጥኩበት፤ አንድ ጭብጥ ጌሾም ጣል አደረግሁ። ልትመለስ ስትል አጥልዬ እጀሪካኑ መለስኩት።

ባለሆቴሉ መጣ። አንዴ ተጎንጭቶ ብርጭቆውን አየ፣ እኛን አየ። ከዚያ በጨዋ ደንብ፣ እንግዶቼ ቤት የተቃጠለ እንዳይመስላቸው ፈራሁ አለ። ሙሉም ቀመሰች። ዓይኗ ወደ እኔ ሲመጣ እኔ የጣሪያውን ማገር እቆጥራለሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ፣ ዕቃው አልጠራልኝም» አለችው። እኔስ? ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ላጥብ ወጣሁ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ አዋቂዋ ስትለቀልቅስ ምን ይባላል?

ሳምንት ሙሉ ጓዳዋ ደጅ እየደረስኩ ተመለስኩ። በመጨረሻ ገብቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳት። «አውቃለሁ እማማ፤ የእርስዎን ወይራ ማን ያጣዋል?» አለች፣ ድምጿን እንኳ ሳታነሳ። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ገናውም አለፈ፤ ባለሆቴሉም ሌላ ሰው ያዘ።

ዘንድሮ እንደገና ጥላለች። ጓዳዋንም ቁልፍ አበጀችለት። ቁልፉን ለማን ሰጠችው ብትሉ፣ ለእኔ። «እማማ፣ ማንም እንዳይነካካብኝ ይጠብቁልኝ» ብላ። ይኸው ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አስሬው፣ እበሩ ላይ ቁጭ ብዬ እኔን ስጠብቅ እውላለሁ።