የጋሽ ደሞዜ ሦስት ፕሮፎርማ

በዚህ አገር ጦርነት ያልደረሰበት መሥሪያ ቤት ሊኖር ይችላል፤ ጋሽ ደሞዜ የሌሉበት ግን የለም። ስማቸው ይለያይ ይሆናል እንጂ እሳቸው ናቸው፦ መነጽር ግንባር ላይ፣ ማህተም መሳቢያ ውስጥ፣ መመሪያ ብብት ሥር።

የኛው ወልድያ፣ የግብርና ምርምር ማዕከላችን የግዢ ኃላፊ ነበሩ። ታኅሣሥ 2014 ከስደት ስንመለስ ቢሯቸው በር አልነበረውም፤ ተነቅሎ ተወስዷል። ዘው ብለን ገባን።

«አንኳኩታችሁ ግቡ» አሉን።

ግንቦት ላይ መንግሥት ጦርነቱ ላቋረጣቸው ምርምሮች የመልሶ ማቋቋሚያ ገንዘብ መደበ። እስከ ሰኔ 30 ሥራ ላይ ያልዋለ ወደ መጣበት ይመለሳል። ገንዘቡ የሚያልፈው በክቡርነታቸው ጠረጴዛ በኩል ነው። «የሚያልፈው» ያልኩት ለአክብሮት ነው።

የአፈር ተመራማሪው ሙሄዲን ለተዘረፈው ሚዛኑ ምትክ ጠየቀ።

«የተዘረፈበትን ማስረጃ አምጣ።»

«ጋሼ፣ ዘራፊ ደረሰኝ ይቆርጣል?»

«ታዲያ መዘረፉን በምን አውቃለሁ?»

«የእርስዎም በር ተዘርፏል እኮ!»

ዞር ብለው ባዶውን መቃን አዩ። «እሱንም አመልክቻለሁ። መልስ አልመጣም።»

ከሁሉ የባሰባት ዙልፋ ነበረች። አቀንጭራ የሚባለውን የማሽላ ጠላት አረም የሚቋቋም ዘር ለማውጣት ስምንት ዓመት ለፍታለች። መጋዘኗ ባዶውን ቀረ። የተረፈው ግራና ውስጥ የሙከራ ማሳ የሰጧት ገበሬ፣ ሼህ ሙሐመድዘይን፣ ጉድጓድ ቆፍረው የደበቁት አርባ ኪሎ ብቻ ነው። ጉድጓድ የከረመ ዘር ሌላ ዓመት አይጠብቅም፤ ዘንድሮ ካልተዘራ አይበቅልም። በሬዎቻቸውን ካጡ ሰው ደግሞ በነጻ መውሰድ ነውር ነው። ግዢውን ጠየቀች።

«ሦስት ፕሮፎርማ» አሉ ጋሽ ደሞዜ።

«ጋሼ፣ ዘሩ ያለው በዓለም ላይ አንድ ሰው ዘንድ ነው!»

«አንድ ሰው ከማን ጋር ይወዳደራል? ሦስት ይምጣ።»

«ሁለቱን እኛው እናዘጋጅ» አልኩ እኔ።

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «ዘር የሌለው ሰው ዘር ሊሸጥ? ወንጀል ነው።»

ዝናቡ ጣለ። ዙልፋ ከእሳቸው ጋር መነጋገር አቆመች። ሰኔ 24 ጋሽ ደሞዜ በገዛ ገንዘባቸው ሚኒባስ ተሳፍረው ግራና ወረዱ። ተከተልናቸው።

«ሼህ፣ ዘሩን ሦስት ቦታ ይክፈሉት። አንዱን ለርስዎ፣ ሁለቱን ለሁለት ጎረቤት። አስፈርመው ያስረክቡ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሦስታችሁም ዋጋ ታቀርቡልኛላችሁ። ሁላችሁም ዘር ያላችሁ ሰዎች ትሆናላችሁ።»

ሼሁ ሳቁ። «ወላሂ፣ ጦርነት ያልበተነውን እርስዎ ሊበትኑት! ይሁን፣ አብሽሩ።»

ሦስቱም አንድ ዋጋ ጻፉ። ጋሽ ደሞዜ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። ዋጋ እኩል ሲሆን ከሁሉም መግዛት የሚከለክል መስመር አጡ። ቅር እንዳላቸው፣ ሰኔ 30 ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ፈረሙ። ማሽላው በሐምሌ ተዘራ። አምስት ኪሎ መጠባበቂያ ተብሎ ቢሮ ውስጥ ቀረ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጦርነቱ በቆቦ በኩል ተመልሶ መጣ። ወልድያ ወደ መርሳ መጉረፍ ጀመረች። ሰው ፍራሽ ተሸክሟል፣ ልጅ አዝሏል። ጋሽ ደሞዜ አንዲት ከረጢት ታቅፈው ይሄዳሉ።

«ጋሼ፣ ልብስዎስ?»

«መጠባበቂያ ዘሩ ነው። ዙልፋ ሳትረከበኝ ወጣች። ያላስረከብኩትን ንብረት ጥዬ አልሄድም።»

አንድ አይሱዙ ቆመ። ሾፌሩ በነፍስ ወከፍ አምስት መቶ ብር አለ። እግሬን ሳነሳ ክንዴን ያዙኝ።

«ሌሎች ሁለት እንጠይቅ።»

ሰደብኳቸው። በሕዝብ ፊት፣ በሚገባ ሰደብኳቸው። አይሱዙው ሄደ። ከቆቦ በኩል የሚመጣው ድምፅ አልቀነሰም። እሳቸው ከረጢቷን ወደ ደረታቸው ጠጋ አድርገው መንገዱን ያያሉ፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ክንዳቸው ያዛውሯታል። ከረጢቷን ተቀበልኳቸው። አምስት ኪሎ ቀላል ይመስላል እንጂ ከወልድያ ጀምሮ ለታቀፈው ሰው ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው መኪና ሲመጣ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ዋጋውን ጠየቅኩ፤ አራት መቶ አለ።

«ሂድ» አልኩት፣ «አንድ ይቀረናል።»