ለድንገተኛ ዜማ የተሰጠ ቅድመ ፈቃድ

የሰው ልጅ ከጥበብ ማማ ጫፍ የደረሰበትን ዕለት ታሪክ መዝግቦት እንደሆነ እንጃ። ካልመዘገበው ግን፣ የከተማው የኪነ ጥበብ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት «ሳይታሰብ የሚፈጠር ዜማ ሁሉ ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ይቅረብ» ሲል የወሰነበት ዕለት ይያዝልን።

ውሳኔው የነካው አንድ ጊታር ተጫዋች ነው። ጃዙን ከሮክ፣ ሮኩን ከሙሾ እያደባለቀ፣ በክሮቹ መሃል የልብስ መቆንጠጫ እየሰካ፣ ምን እንደሚጫወት ራሱም ሳያውቅ መጫወት ከጀመረ ዐሥራ አንድ ዓመቱ። ትልቁ አዳራሽ የጋበዘው ግን ገና አሁን ነው።

«እንዴት አድርጌ ልጻፈው? እኔም የምሰማው እኮ ከእናንተ ጋር ነው» አለ የጽሕፈት ቤቱ መስኮት ላይ ቆሞ።

«ምን ችግር አለ፤ ሳታስበው የሚመጣልህን አስብና ጻፈው» አለው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ በቅንነት።

ልጁ ተናዶ ሊተወው ነበር። ሴት አያቱ ግን ምን ሲደረግ! ያሳደጉት እሳቸው፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩ እሳቸው፤ ብርድንና ማኅተምን እኩል የሚፈሩ እሳቸው።

«አንተ ተጫወት፣ እኔ እጽፋለሁ። በሞቴ፣ እንቢ እንዳትለኝ!»

ሦስት ቀን ሙሉ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጻፉ፦ «በመጀመሪያ ክሩን ይቧጥጣል። ቀጥሎ እንደ ዛገ በር ሲጥ ያደርገዋል። ከዚያ ዝም ይላል፤ አሞት ይሁን አላወቅሁም። በመጨረሻ ደስ የሚል ነገር ይጀምርና ይተወዋል።»

ጽሕፈት ቤቱ ሰነዱን «ግልጽና ተጠያቂነት የተላበሰ» ብሎ አጸደቀው። ተቆጣጣሪም መደበ። ልጁ ከተጻፈው ዝንፍ ቢል ለአንድ ዓመት መድረክ አይረግጥም።

በዕለቱ አያት ቅጂያቸውን ይዘው ከተቆጣጣሪው ጎን ተሰየሙ። ልጁ ቧጠጠ። ሲጥ አደረገ። ዝም አለ።

«ጎሽ!» አሉ አያት፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ።

ደስ የሚለውን ነገር ጀመረ። እዚህ ላይ መተው ነበረበት። አልተወውም። እንዲያውም እየሰፋ፣ እያማረበት ሄደ። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ከጉልበቱ ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በእግሩ ምት ይመታል።

አያትን ላብ አጠመቃቸው። ብድግ አሉ።

«አንተ ልጅ! ተው! ይሄ ወረቀቱ ላይ የለም!»

ተቆጣጣሪው ብንን አለ። «ምነው እማማ! እኔ እኮ አልሰማሁም ልል ነበር» አላቸው በሹክሹክታ። ምን ያደርጋል፣ ስድስት መቶ ሰው ሰምቷል፤ ስድስት መቶ ሰው የሰማው ነገር ደግሞ ይመዘገባል።

በሳምንቱ ሁለት ደብዳቤ መጣ። አንዱ የልጁ የአንድ ዓመት እገዳ ነው። ሌላው ጠርዙ ወርቃማ፣ «ዝምድና ሳይበግራቸው ጥፋትን ስላጋለጡ» ለአያት የተሰጠ የምስጋና ወረቀት።

አያት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ከዚያ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡት፤ ስማቸው አልተሳሳተም።

«ላንተ ብዬ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«ልቅደደው?»

«ኧረ ተይው» አለ ጊታሩን አልጋ ሥር እየከተተ።

«እንግዲያው… ሳሎን ብሰቅለው ይከፋሃል?»