ማንም የማይሻገርባት ከተማ

ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ ይጨንቀኛል። «የከተማ ፕላን አስተምራለሁ» ካልኩ ሰውየው ወዲያው የአጥሩን ክርክር ይዘረግፍልኛል። «ጂ አይ ኤስ» ካልኩ ደግሞ የባሰ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ለስንት ዓመት ቃሉን «ጋዝ» ብለው ሰምተው የጋዝ ባለሙያ አድርገው ይዘውኝ ኖሮ፣ አንድ ቀን ሲሊንደሩ አስቸገረኝ ብለው አስጠሩኝ። ሄድኩ። ምን ላድርግ? ጎረቤት ነው። ካርታ በኮምፒውተር መሥራት ነው ብዬ ባስረዳቸው፣ ታዲያ ለዚህ ነው እስከ ዶክተርነት የተማርከው ብለው አዘኑልኝ።

እዚህ እንዴት እንደደረሰ የማያውቅ ስንት ምሁር አለ መሰላችሁ። እኔ ግን አውቃለሁ። እኔን ዶክተር ያደረገችኝ መተማ ናት።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ መሥሪያ ቤቴ የመተማን ፕላን ሠርተህ ና ብሎ ላከኝ። ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ተገኝቷል፤ የሚሄደው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ፕላኑን ሠርቶ በአካባቢው አስተዳዳሪ አስፈርሞ የመጣ ነው ተባለ። ያችን ፊርማ እንዴት እንደተመኘኋት! የዕድሜ እኩዮቼ በሕልማቸው ቆንጆ ሲያዩ እኔ የማየው ፊርማ ነበር።

ከጎንደር በጭነት መኪና ወረድኩ። ሸሕዲ ላይ ኮቴን አወለቅሁ፤ ኮኪት ላይ ክራባቴን፤ መተማ ስደርስ የቀረኝ ዲግሪዬ ብቻ ነበር። ሙቀቱን ያላየ አይፈርድም። ካርታ ስስል ከግንባሬ ላብ ጠብ እያለ ቀለሙን ያሰፋዋል። አንዱን ጠብታ አስተዳዳሪው አይቶ፣ ይህ ሐይቅ የታቀደ ነው ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አይደለም ለማለት አንጀቴ አልቻለም። በዚያ ሙቀት ሐይቅ እንዴት ይከለከላል?

አስተዳዳሪው ጓድ መላኩ ይባላል። ከደጋ የመጣ፣ መፈክር ሲያሰማ የሚጮህ፣ ሻይ ሲጠጣ ግን ዝም የሚል ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። ፈሪ ነበር። በዚያ ዘመን ያልፈራ ማን ነበር?

እንግዲህ መምህሮቻችን ያስተማሩን አንድ ነገር አለ። ፕላን ከመሣልህ በፊት ሕዝቡን ጠይቅ፤ በቀን ስንት ጊዜ መንገድ እንደሚሻገር እወቅ፤ ከዚያ አስምር። ጥሩ ትምህርት ነው። በማግስቱ ቤት ለቤት ወጣሁ። መጀመሪያ ያገኘኋቸው አያ ደስታ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፣ የሰሊጥ ደላላ። ከሰላምታ በኋላ፣ «አያ ደስታ፣ በቀን ስንቴ ይሻገራሉ?» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። እሳቸው ተሻግረው እንደማያውቁ፣ አባታቸውም እንዳልተሻገሩ፣ ወደፊትም የመሻገር ሐሳብ እንደሌላቸው ነገሩኝ። ይህን እያሉ የሚቀዱልኝ ሻይ ስኳሩ የሱዳን፣ ብርጭቆው የሱዳን፣ የተቀመጥኩበት የጠፍር አልጋ የሱዳን ነው።

ሁለተኛው ቤትም ተሻግሬ አላውቅም አለ። ሦስተኛውም። አንዲት ሴትዮማ በሚካኤል ማሉልኝ። ወፍጮ ቤቱ ያለው እኮ ከደጃቸው መንገድ ማዶ ነው! ዱቄቱ ብቻውን ነው የሚመጣላቸው? በመጨረሻ ጥናቴ ተጠናቀቀ፤ በመተማ ከተማ አንድም ሰው መንገድ አይሻገርም። እንዲህ ያለ ውጤት ያገኘ ተመራማሪ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ለካ ጉዱ ቃሉ ነው። መተማንና ሱዳንን የሚለያቸው ኾር የሚሉት ወንዝ ነው፤ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ አሸዋ ነው። በዚያ ጊዜ «እገሌ ተሻገረ» ከተባለ ኾሩን አለፈ፣ አገር ጥሎ ኮበለለ ማለት ነው። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ «በቀን ስንቴ ትኮበልላላችሁ?» ስል ከርሜያለሁ! አንዱ ሲኮበልል የቀረው ቤተሰቡ ይጠየቅ ነበርና ቀልድ አልነበረም። ዝም አይነቅዝም ብሎ የተረተው መቼም የመተማ ሰው መሆን አለበት። በኋላ ነገሩ የገባቸው አያ ደስታ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና መከሩኝ፦ «ተው ልጄ፣ እዚህ አገር መንገድ ያቋርጣሉ እንጂ አይሻገሩም።»

አፍ ዝም ይላል፤ እግር ግን ዝም አይልም። ካርታዬ ላይ የእግር ዱካውን ሁሉ አስምሬዋለሁ። ከየደጃፉ የሚነሣው ቀጭን መንገድ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ገበያውን አልፎ፣ ተሰብስቦ ኾሩ ውስጥ ይገባል። ከሁሉም የሰፋው የሚነሣው ከአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ጓሮ ነው።

ጓድ መላኩ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና መስመሮቹ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። የእግር መንገድ ናቸው አልኩት። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ይህ ካርታ አዲስ አበባ ከደረሰ፣ ጓድ መላኩ ቁጭ ብሎ እያየ ሕዝቡ በሙሉ ይሻገራል ማለት ነው። ከፈረመ እሱ ተጠያቂ ነው። ካልፈረመ እኔ ቀረሁ። አጥፋቸው ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢለኝ አጠፋ ነበር ወይ? ዛሬ ሆኜ አላጠፋም እላለሁ። ነገር ካለፈ በኋላ ጀግና የማይሆን የለም።

እሱ ግን ብልህ ነበር። ጣቱን ከደጃፎቹ ወደ ኾሩ እየጎተተ፣ «ሁሉም ቁልቁል ነው የሚሄዱት?» አለኝ።

«አዎ፣ ጓድ።»

«እንግዲያስ የጎርፍ መውረጃ ናቸው። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ፈረመ። ልብ በሉ፣ አንድ መስመር አልተሰረዘም።

አዲስ አበባ ላይ ካርታዬ ተወደደ። እንዲህ ያለ የጎርፍ ጥናት ታይቶ አይታወቅም ተባለ። አለቃዬ ግን ጠንቃቃ ነውና ፊርማው ይረጋገጥ አለ። ወደ መተማ በሬዲዮ ተጠየቀ። መልሱ ሳይመጣ ከዚያ የመጣ አንድ ሾፌር ሹክ አለኝ፤ ጓድ መላኩ ተሻግሯል። የኮበለለ ሰው ፊርማ ምን ዋጋ አለው? ትምህርቱስ ይቅር፣ ከሱ ጋር ምን ስትዶልት ከረምክ ብባል ምን እመልሳለሁ? እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እህል አልበላ አለኝ።

መልሱ መጣ። የመተማ ሰው እንደ ልማዱ ተሻገረ የምትለዋን ቃል አልተነፈሳትም። ጓድ መላኩ ፕላኑን በእጃቸው ፈርመዋል፤ እሳቸውን ግን ጎርፍ ወስዷቸዋል ይላል።

አለቃዬ ከመቀመጫው ተነሣ። ካርታዬን ዘርግቶ መውረጃዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። «ምነው ይህን ጥናት ቀደም ብለን ባሠራነው!» ብሎ አዘነ። ይህ ልጅ በአስቸኳይ ሄዶ ይማር ተባለ። ከዚያ ማስተርስ፣ ከዚያ ዶክትሬት፣ ከዚያ ኮምፒውተር መጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ካርታ አይዋሽም እያልኩ አስተምራለሁ።

ጊዜው ጥር ነበር። በጥር መተማ ላይ የምን ጎርፍ ነው ብሎ የጠየቀ አንድም የተማረ ሰው አልነበረም። እኔም የተማርኩ ነኝ፤ አልጠየቅሁም።