አቶ ማናዬ ዝምድና ሲሠሩ

ሰውን ሳያዛምድ የማያሠራ ሹም የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ያ መሥሪያ ቤት ገና አልተከፈተም። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ለቢቸናና ለሞጣ ክሊኒኮች ይህ ክቡር ማዕረግ የአቶ ማናዬ ነበር። በወረቀት “የሠራተኛ አስተዳደር ሹም” ይባሉ እንጂ ዋናው ሥራቸው ዘር መቁጠር ነው።

ዘበኛ ሊቀጠር ሲመጣ “የእናትህ አገር ወዴት ነው?” ይሉታል። መርጡለ ማርያም ካለ አለቀለት። “እኛ’ኮ ሥጋ ነን!” ብለው ያቅፉትና ሁሉም እንቢ ያለውን የሌሊት ተራ ያሸክሙታል። አንዱ ጸሐፊ ባልደረባውን ሊከስ ቢመጣ “በምን አንጀትህ የአክስትህን ልጅ ትከሳለህ?” አሉት። ሰውየው አክስት የሚባል አልነበረውም፤ ግን አፍሮ ተመለሰ።

የሞጣው ክሊኒክ ጤና ጣቢያ ሲሆን ይህ ጥበብ ተፈተነ። ክሊኒኩን ከተከፈተ ጀምሮ ቀጥ አድርገው ያቆሙት፣ ቁስል አጥበው የሚያሽጉት ሽማግሌው ድሬሰር ገብረ ክርስቶስ ነበሩ። አሁን ሲስተር ዘይነባ የምትባል ወጣት ነርስ ከደሴ መጥታ አለቃ ሆነችባቸው። ገብረ ክርስቶስ ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ ወጥተው ቤታቸው ገቡ። በሽተኛውም ተከተላቸው። ጣቢያው ኦና ቀረ።

“እስከ ሰኞ ካልተመለሰ አሰናብተው!” አሉ ቢቸና ያሉት የበላይ አለቃ ለአቶ ማናዬ። “ሰው የማይገባበትን ቤትም እዘጋዋለሁ።”

አቶ ማናዬ በጭነት መኪና ተሳፈሩ። ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ፈነዳ፤ እስኪጠገን ድረስ ሾፌሩ የእናታቸው ወገን ሆኖ ተገኘ። ሞጣ ሲደርሱ ዘይነባን ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን አገኟት።

“ልጄ፣ ቅድመ አያትሽ ማን ይባላሉ?”

“ሼህ ይመር።”

አቶ ማናዬ ጣታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ። በሐሳብ ዓባይን ተሻግረው ወሎን ዞሩት። የሚገናኝ የለም! እንዲህ ያለ ሽንፈት ደርሶባቸው አያውቅም። ቢቸግራቸው እንደ ማንኛውም ሰው ጠየቁ።

“ምን አስጨነቀሽ?”

“ሰው እጄን ይፈራል” አለች። “ጋሼ ገብረ ክርስቶስ ከአገሩ ያላምዱኛል ብዬ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላናገሩኝም።”

ከዚያ ወደ ገብረ ክርስቶስ ቤት ሄዱ።

“ልታባርረኝ መጣህ?” አሉ ሽማግሌው።

“አልመጣሁም፣ አያ። ምን ሆነው ነው የቀሩ?”

ገብረ ክርስቶስ በርጩማ አቀረቡላቸው። “እኔ ልጅ የለኝም፣ ማናዬ። ስሜ የሚጠራው በዚያ ቤት ነበር። እሷ ከገባች ማን ያነሣኛል?”

አቶ ማናዬ ብድግ አሉ። ዝምድና ከሌለ ይሠራል እንጂ!

“ማር አለዎት?”

“ሞጣ ተቀምጬ ማር ይጠፋኛል?”

እሑድ፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ ገብረ ክርስቶስ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ዘረጉ። ዘይነባም እንደ አገሩ ወግ ጠባችና የጡት ልጃቸው ሆነች።

“እንግዲህ” አሉ አቶ ማናዬ፣ “ልጅ አባቱን ይተካል እንጂ አይሽርም። በሽተኛውን ተቀብለው ቀድመው የሚያዩት እርስዎ፣ መድኃኒቱን የምታዝ እሷ።”

ዘይነባ ቀና ብላ “አባባ፣ ነገ አብረን እንገባለን?” አለች። ሽማግሌው እጇን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

ሰኞ ጧት ገብረ ክርስቶስ ጋውናቸውን ለብሰው ፊት ፊት፣ በሽተኛው ከኋላ፣ ከተማውን ሰንጥቀው መጡ። በር ላይ ቆመው “ግቡ! ልጄ ናት፤ እጇ ከእጄ ይለዝባል!” ሲሉ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ከቀትር በፊት መቀመጫ ጠፋ።

አቶ ማናዬ ከግቢው ዛፍ ሥር ቆመው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ዘበኛው ደንግጦ ምን እንደሆኑ ጠየቃቸው።

“አቧራ ነው” አሉ።

ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ምድሩ ጭቃ ነበር።