አስቴር ያዋሰችው ድምፅ

«ነፃ» የሚባል ቃል ጣጣው ብዙ ነው። ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ከሁለት ነገር አንዱን ይረዳል፤ ወይ «አይከፈልበትም» ይለዋል፣ ወይ «ጌታ የለበትም»። በመጀመሪያው የተረዳው ከረጢት ይዞ ይመጣል። በሁለተኛው የተረዳው ደግሞ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ ማን ልኳችሁ ነው?» ይላል። እኛ አሰላ ላይ የነፃ ፕሮግራም ማኅበር እናቋቁም ብለን ስንነሳ ከሁለቱም ጋር ተገናኝተናል፤ ከረጢት የያዘውን በትሕትና ሸኘን፣ ጠጋ ያለው ግን ቢሮ ነበረውና እሱን መሸኘት አልተቻለም።

«ማንን ነው ነፃ የምታወጡት?» አለ የጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ፣ ማመልከቻችንን ከፊትም ከኋላም አገላብጦ።

«ኮምፒውተሩን» አለች ቦንቱ።

«ከማን?»

እስቲ እናንተ መልሱለት። ቦንቱ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች፣ ማኅበሩንም ያሰበችው እሷው ናት፤ ማስረዳት ሥራዋ ነው። የምንሠራበትን ፕሮግራም ውስጡን ከፍተን ማየት፣ ሲበላሽ መጠገን፣ ለጎረቤት ማካፈል መቻል አለብን አለችው። ስልካችን እኛን ይታዘዝ እንጂ እኛን አይሰልል አለችው። ሰውዬው «ይሰልል» የሚለውን ቃል ሲሰማ በሩን አየ። በመጨረሻ «ነፃ»ም «መብት»ም የሌለበት፣ እውቀትና በጎ አድራጎት የበዛበት ረጅም ስም አውጥተን ተመዘገብን። አባሎቹም ቦንቱ፣ ወደ ብቅል ፋብሪካው በሚወስደው መንገድ ላይ ኮምፒውተር የምጠግነው እኔ፣ መምህር ገቢሳ፣ እንዲሁም ዝናብ ካልዘነበ የሚመጡ ጥቂት ሰዎች ነን። አሰላን የሚያውቅ ሰው «ዝናብ ካልዘነበ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የማወጋችሁ ስለ ገቢሳና ስለ ሚስቱ ስለ አስቴር ነው።

ገቢሳ የሥነ ዜጋ መምህር ነው። በልጅነቱ ኩፍኝ ዓይኑን ወስዶበታል። የሚሠራው ላፕቶፑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብለት ፕሮግራም ነበር፤ ውድ የውጭ አገር ፕሮግራም ነው፣ እሱ ጋ የደረሰው ግን እንደ ብዙዎቻችን ከሰው ወደ ሰው ሲገለበጥ ነው። ፕሮግራሙ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። አፋን ኦሮሞ ሲያነብ ገበያ መሐል መንገድ የጠፋበት ቱሪስት ይመስላል። አማርኛ ሲያጋጥመው ደግሞ ጭራሽ «ያልታወቀ ፊደል፣ ያልታወቀ ፊደል» እያለ ገጹን ይጨርሰዋል።

ለአማርኛው አስቴር ነበረች። ጋዜጣውን፣ መመሪያውን፣ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት፣ ሁሉንም የምታነብለት እሷ ናት። ከቤት ሥራዋ ተርፋ፣ ከመዘምራን ልምምድ ተመልሳ፣ እግሯን አጥፋ ትቀመጥና ታነብለታለች። መጥፎ መልስ የጻፈ ተማሪ ሲያጋጥማት ድምጿ ውስጥ ይታወቃል፤ ገቢሳ ገና ሳትጨርሰው ያርመዋል።

ከዚያ የአስቴር እናት ሲሬ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አስቴር እናቷን ልታስታምም ሄደች። በዚያው ሰሞን የገቢሳ ፕሮግራም አንድ ቀን ጠዋት «የአገልግሎት ፈቃድዎ አብቅቷል» አለውና ዝም አለ። ሲከፍተው ይህንኑ ይነግረዋል፤ ሌላ ቃል አይወጣውም። እኔ ጋ አመጣው፣ ሞከርኩ፣ አልሆነም። የተቆለፈ ነገር ነው፤ ቁልፉም ባሕር ማዶ ነው።

ገቢሳ ትምህርት ማዘጋጀት አቃተው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ክፉ ሰው አይደሉም፤ አዝነውለት፣ አስበውለት፣ ክፍል መግባቱን ይተውና ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ አሉ። ማንበብ የተከለከለን ሰው መጻሕፍት መሐል ማስቀመጥ ምን ይባላል? እሳቸው ግን በቅንነት ነው ያሉት። ገቢሳ ይህን ሲነግረን አልተቆጣም። የሸሚዙን እጅጌ ቁልፍ ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል።

ቦንቱ አንድ ነፃ ፕሮግራም ይዛ መጣች። ማንም ሊዘጋው የማይችል፣ ከፍተን የምናስተካክለው። አማርኛም ያነባል፤ ድምፁ ግን በርሜል ውስጥ የተዘጋበት ሰው ድምፅ ነው። ገቢሳ አንድ ሙሉ የመማሪያ ምዕራፍ በትዕግሥት አዳመጠ።

«የሚለው ይገባኛል» አለ። «ግን ዕድሜ ልኬን ከዚህ ሰውዬ ጋር መኖር አልችልም።»

ቦንቱ ሳቀችና ፕሮግራሙ ክፍት እንደሆነ፣ ሌላ ድምፅ ልንሰጠው እንደምንችል አስረዳችው፤ አንድ ሰው ብዙ ብዙ ዓረፍተ ነገር አንብቦ ከተቀዳ፣ ማሽኑ ከዚያ ተምሮ ያላነበበውንም በሰውየው ድምፅ ያነባል። አንዱ አባላችን ታዲያ ጥርት ያለ የአዲስ አበባ አማርኛ የሚናገር ሰው ይፈለግ አለ።

«እኔ ከአዲስ አበባ አላገባሁም» አለ ገቢሳ።

አስቴር እናቷን ለእህቷ እየተወች ከሲሬ ትመላለስ ጀመር። መዘምራኑ መዝሙር የሚቀዱባትን የቤተ ክርስቲያኗን ትንሽ ክፍል አስፈቀድን፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን። ጋሪ በደጅ ሲያልፍ እናቆማለን፤ ባጃጅ ሲያልፍ እናቆማለን፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድማ ጠቅልለን ቤታችን እንገባለን። ዓረፍተ ነገሮቹን ያዘጋጀችው ቦንቱ ናት፤ የምትፈልገው ሁሉም የፊደል ድምፅ እንዲገባ እንጂ ትርጉም እንዲኖረው አልነበረም። «ጳጉሜ ላይ ጰራቅሊጦስ የለም።» አስቴር ይህን ያለ ችግር አነበበች። «ዣንጥላ የያዘ ዝንጀሮ ጠጅ ጠየቀ» የሚለው ላይ ግን ቆመች። ዘማሪ ነኝ፣ በእኔ አፍ ጠጅ አይጠየቅም አለች። ተነጋግረን ዝንጀሮው ጤፍ እንዲጠይቅ ተደረገ።

አለቀ። ላፕቶፑ በአስቴር ድምፅ፣ በአስቴር የአርሲ ቅላጼ፣ የሥነ ዜጋን መጽሐፍ ማንበብ ሲጀምር ገቢሳ ጭንቅላቱን ወደ ማሽኑ አዘንብሎ ቆየ። ከዚያ ፍጥነቱን ጨመረው። ዓይነ ስውራን እንዲህ ናቸው፤ እኛ አንድ ቃል ሳንለይ እነሱ ገጽ ይጨርሳሉ። አስቴር «ሃያ ዓመት ሳነብልህ እንዲህ አፍጥኚ ብለኸኝ አታውቅም» አለችው። ገቢሳ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ ዳይሬክተሩም ከእኛ በላይ ተደሰቱ። እኛ ደግሞ በማኅበራችን ደንብ መሠረት ድምፁን ለሁሉም በነፃ ለቀቅነው። ከማናውቃቸው ከተሞች ሰዎች ይደውሉ ጀመር። ዓይናቸው የደከመ አንድ አዛውንት መጽሐፍ ቅዱሳቸውን መልሰው ማንበብ መጀመራቸውን ነግረውን፣ ስልኩን ሳይዘጉ መረቁን።

እዚህ ላይ ባቆም እንዴት ያለ የሚያምር ወግ ነበር።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ገቢሳ መምህራን ማረፊያ ተቀምጧል። አጠገቡ ያለ መምህር ስልኩን ሲጎረጉር አንድ ማስታወቂያ ተከፈተ። የአስቴር ድምፅ ነው። ለወንዶች ብቻ ስለሚሆን ቅባት ይናገራል፤ ቅባቱ ምን እንደሚያደርግ፣ ሚስትም ምን ያህል እንደምትደሰት በዝርዝር። ክፍሉ ውስጥ አስቴርን የማያውቅ አልነበረም። መምህሩ ስልኩን ሊዘጋ ሲጣደፍ ጭራሽ ድምፁን ጨመረው። ገቢሳ ተነስቶ በትሩን አነሳ፣ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ እያለው ቤቱ ገባ።

እናቷ በምርኩዝ መራመድ ስለጀመሩ አስቴር ያን ጊዜ አሰላ ተመልሳ ነበር። ገቢሳ ምንም አልነገራትም፤ የነገሯት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ናቸው። በማግሥቱ መጥተው «እህት አስቴር፣ አንድ ነገር ሰምተን ነው» አሉ። እንደማትሠራው ያውቃሉ፣ ግን የሰሙት ድምፅ የእሷ ነው፤ ሁለቱንም ማመን ከበዳቸው። ማሽን እንደሆነ አስረዳቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጸለዩላት፣ ሄዱ። የሚቀጥለው እሑድ አስቴር መዘምራን መሐል አልቆመችም። ከኋላ ተቀመጠች፤ አብራም አልዘመረችም።

ማኅበሩ ተሰበሰበ። ያን ቀን ዘንቦ ነበር፤ ሆኖም ሁሉም መጡ። ገቢሳ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ «ይጥፋ።» ቦንቱ ከኢንተርኔት ገጻችን ላይ ማንሳት እንደምንችል፣ የተገለበጠውን ግን ከየሰው ኮምፒውተር መሰብሰብ እንደማይቻል ተናገረች። ሲለቀቅ ለማንኛውም አገልግሎት ይሁን ብለናል፤ ነፃነት ማለት የማንወደውም ሰው የሚጠቀምበት ነገር ነው፤ ይህን ለተማሪዎቿ ስታስተምር ኖራለች። ይህን ብላ አስቴርን አየቻት። «ግን ድምፅ መዶሻ አይደለም» አለች፣ ቀስ ብላ። «ይህን ቀድሜ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

እኚያ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡት አዛውንት ነገ ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ማን ያነብላቸዋል ብላ ጠየቀች አስቴር። ማስታወቂያው ላይ ስልክ ቁጥር አለ አይደል አለች ቀጥላ። ገቢሳ እኔ እደውላለሁ አለ፤ እኔም እደውላለሁ አልኩ፤ ሁለታችንም ምን እንደምንለው አዘጋጅተን ነበር፣ የሚጻፍ አይደለም። አስቴር ስልኬን ከእጄ ወሰደችና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍታ ደወለች።

«ሄሎ! ቅባቱን ፈልገው ነው?» አለ የአንድ ጎልማሳ ድምፅ።

«አይ» አለች አስቴር። «ድምፄን ፈልጌ ነው።»

አጠገቡ ላለ ሰው «ማሽኗ ደወለችልኝ» ሲል ሰማነው፤ እየሳቀ ነበር። አስቴር አልተቆጣችም። ስሟን ነገረችው። ሲሬ እንደተወለደች፣ ባሏ መምህር እንደሆነና ማስታወቂያውን ሥራ ቦታው እንደሰማው፣ ከመዘምራን ወርዳ እንደተቀመጠች ነገረችው። ሳቁ ቆመ።

«ይቅርታ እትዬ» አለ። «እኔ እኮ ውስጡ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ገጹ ደግሞ ነፃ ነው ይላል።»

«ለሚያነብበት ነፃ ነው። አንተ ግን እኔ የማልለውን አስባልከኝ።»

ወዲያው እንደሚያነሳው ቃል ገባ። ነጋዴ ነውና ሊሰናበት ሲል «ለሳሙናስ ቢሆን?» ብሎ ጠየቃት። አስቴር ትንሽ አሰበች። «ለሳሙናም ቢሆን መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ» አለችው። ማስታወቂያው በዚያው ቀን ተነሳ። ሁላችሁም ይህን ያህል የዋህ አጭበርባሪ ይግጠማችሁ።

ከዚያ በኋላ ደንቡን ቀየርነው። ፕሮግራሙ እንደ ድሮው ለሁሉም ነገር ነፃ ነው፤ ድምፁ ግን ለማንበብ ነው፤ ለማስታወቂያ የፈለገ አስቴርን ይጠይቅ። ዓላማችንን የሚጋሩ የሌላ ከተማ ሰዎች ይህማ ነፃ አይባልም ብለው ወቀሱን፤ ቦንቱ እስካሁን ትጽፍላቸዋለች። አስቴርም አንድ ነገር ጨመረች። እንደገና ብርድ ልብሱን ሰቅለን፣ ፕሮግራሙን የጫነ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማውን አጭር ንግግር ቀዳች፦ «ይህ የሰው ድምፅ ነው። አስቴር እባላለሁ። እንድታነቡበት አውሼአችኋለሁ።» ቆርጦ መጣል የፈለገ ይችላል፤ ክፍት ነው። በዚያ ወር ከመዘምራን ጋር ቆመች። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ድምፅ ማጉያውን ወደ እሷ ጠጋ አደረጉላት።

አስቴር ከእናቷ ጉዳይ ጋር በተያያዘ አዳማ ሄዳ በነበረ ጊዜ መናኸሪያ ላይ ትኬት ቆራጩን ስለ አሰላ መኪና ስትጠይቅ፣ ከኋላዋ ነጭ በትር የያዘች ተማሪ «እትዬ አስቴር?» አለቻት። ዘወር አለች፤ አታውቃትም። ልጅቷ የጢቾ ልጅ ናት፣ ሐዊ ትባላለች፣ ሕግ ታጠናለች፤ በየቀኑ የምታነበው በእሷ ድምፅ ነው። ስልኳን አውጥታ አሰማቻት። አስቴር በዚያ ፍጥነት የራሷን ድምፅ መለየት አቃታት። ይህስ እኔ አይደለሁም ብትል ልጅቷ «እርስዎ ቀስ ብለው ስለሚያወሩ ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ አፈር አለችና አንዲት ችግር እንዳለች ነገረቻት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ ማሽኑ ደግሞ የተጻፈለትን ብቻ ነው የሚያውቀው። «ዋና ዳይሬክተር» የሚለውን አላልቶ ሲያነብ ሰውየውን የውሃ ዋና አለቃ ያደርገዋል። ልጅቷ ይህን ችላዋለች፤ ግን ስሟንም «ዊ»ን አላልቶ ነው የሚጠራው፤ ሐዊ በአፋን ኦሮሞ ምኞት መሆኑ ቀርቶ ትርጉም አልባ ሆኗል።

አስቴር እዚያው ቆማ፣ አሰላ የሚሄደው መኪና እየሞላ፣ ደወለችልኝ። ስሙን ሁለት ጊዜ አጥብቃ አለችልኝና «አስተካክሉላት» ብላ ዘጋችው። ለቦንቱ ነገርኳት፤ ከክፍል እንደወጣች አስተካከለችው። ባሕር ማዶ መጻፍ፣ ማመልከት፣ መጠበቅ አልነበረም።

ሐዊ በማግሥቱ መልእክት ላከች። ማመስገኗ ነው፤ ረጅም አይደለም። እንደ ልማዷ አፍጥና ስታዳምጥ ስሟ ሳታስበው እንዳለፋት ጽፋለች። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ፕሮግራሙን መጠቀም ከጀመረች ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ቀነሰችና ስሟን ሰማችው።