የጎረሰው ማነው?

ቋንቋችን “ጎረሰ” የሚለውን ግስ ጨክኖ ያባዛዋል፤ ሰውም፣ ወፍጮም፣ ጠመንጃም እኩል ይጎርሳሉ። ከዚያ ሕግ ይመጣና ማን ጎረሰ ብሎ ይጠይቃል። ሰው አገር ሳለሁ ከመጻሕፍት በቀር የሚያናግረኝ ስላልነበረ ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ አደጋ ግን የትም ተጽፎ አላየሁም።

ከተመለስኩ ወዲህ ቤቱ ያስቀመጠኝ ወንድሜ አዳማ ውስጥ የእህል መጋዘን አለው። በሩን የሚጠብቁት የወለንጪቲው ሰው ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ከአባታቸው የወረሱት ጠመንጃ ከትከሻቸው ወርዶ አያውቅም። ታዲያ በቀደም አንድ ጠበቃ ወንድሜን፣ ሠራተኛህ ሥራ ላይ ሰው ቢያቆስል ተጠያቂው አንተ ነህ ብሎት ሄደ። ወንድሜ እንቅልፍ አጣ። የኢንሹራንስ ሰው መጥቶ ይየው፣ አደገኛ ነው ካለ ኦቦ ገመቹ ከነጠመንጃቸው ይሰናበታሉ አለ። በዚህ ዕድሜያቸው ማን ሊቀጥራቸው? ብዬ ብጠይቀው፣ “እትዬ፣ አንቺ ደግሞ!” አለኝ።

የኢንሹራንሱ ሰው ክራባቱን አስሮ መጣ። ራቅ ብሎ ቆመና ጠመንጃውን በአገጩ እያመለከተ “ጎርሷል?” አለ። ጥይት ገብቶበታል ወይ ማለቱ ነው። ኦቦ ገመቹ “ጎርሰዋል?” ያላቸው መሰላቸው። ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው!

“ገለቶሚ፣ ተባረክ ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ነው፣ እቤት” አሉት።

ማን ነው የሚያጎርሰው? አለ ሰውዬው። ባለቤቴ፣ አሉ እሳቸው። ልጆች ባሉበት? ከበውን ነዋ! ስንት ነው ታዲያ? አንድ ያጣላል ብላ ሦስት ታደርሰዋለች።

ሰውዬው ከበቆሎው ጆንያ ጀርባ ገባ። ወንድሜ ሊያሰናብታቸው አፉን ሲከፍት፣ ቀድሜ የኢንሹራንሱን ሰው “ልጄ፣ ስለ ቁርሳቸው እኮ ነው የሚያወሩህ” አልኩት። ጠመንጃው ተከፈተ፤ ባዶ። ጥይቱ በአባታቸው ዘመን አልቋል። “ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ሌባው አያውቅም” አሉ ኦቦ ገመቹ። ባዶ ብረት ማንንም አያቆስልም ተብሎ ተፈረደና ከነክብራቸው በራቸው ላይ ቀሩ።

በማግስቱ ሚስታቸው አደ ጫልቱ አንድ ሳህን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይዘው ደረሱ። ባሌን ማን እንደሚያጎርሰው የሚጠይቅ የቢሮ ሰው የታለ? አሉ። እሱ ቢጠፋ ያገኙትን ሁሉ አጎረሱ። እኔ ስንት ዘመን ሙሉ ማንም ያላጎረሰኝ ሴትዮ፣ አልሸሸሁም። አንድ ያጣላል አሉኝ፤ ሦስት አደረሱልኝ።

እንግዲህ እኔም ጎርሻለሁ። ከዛሬ ወዲያ ከአፌ ለሚተኮሰው ሁሉ ተጠያቂው ቤቱ ያስቀመጠኝ ወንድሜ ነው።