ታምራት የሚባል የለም

ፎካሪ ሁሉ ፈሪ ነው! ይህን የምላችሁ አጥንቼ አይደለም፤ በራሴ ደርሶ ነው። «እንዲህ ካደረግሁ ስሜን ቀይሩት!» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት። ዝም ብላችሁ አዲስ ስም ፈልጉለት።

ውድ አንባቢዎቼ (ሦስታችሁም)... እንደምን ሰነበታችሁ? «ለአንድ ሳምንት አርፌ እመለሳለሁ» ብዬ ከተለየኋችሁ ስድስት ዓመት ሊሞላ ነው። ምን ላድርግ፣ ሳምንቱ ረዘመብኝ! ከላይ የጸሐፊው ስም ተቀይሮ ስታዩ «ይሄ ደግሞ ማነው?» እንዳትሉ። እኔው ነኝ። የስሙን ነገር እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሳትሰሙት የቀረውን ወሬ ላውጋችሁ።

አግብቻለሁ። (ሳቃችሁን ስትጨርሱ እቀጥላለሁ።)

ሚስቴ ሰብለ ትባላለች፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ጅማ ነው። እኔ እንደምታውቁት ከደብረ ብርሃን ለትምህርት መጥቼ በዚያው የቀረሁ ነኝ። አምስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችን። ሄርማታ ከነበረችው የኪራይ ክፍሌ ወጥቼ አወቱ መንደራ ገብቻለሁ። ፀጉሬ ሄዷል፤ ቦርጬ መጥቷል፤ በመንገድ ላይ ሳይተላለፉ አልቀሩም። ሥራዬ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ የሰው ማመልከቻም እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ ማመልከቻ ላይ ትንሽ ቀልድ ጣል ባደርግ ባለጉዳዩ እየሳቀ ሄዶ እያለቀሰ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ቀልድ ትቻለሁ።

ይኸውላችሁ፣ በሰላም አገር ሰብለ አዲስ ስልክ ገዛች። የአክስቷ ልጅ ደግሞ፣ እግዜር ይስጣትና፣ የሰው ስም ከጻፉበት ያ ሰው የቀባጠረው ሁሉ እንደሚወጣ አሳየቻት። ሐሙስ ማታ ራት እየበላን ሰብለ፣

«ድሮ ትጽፍ አልነበር? እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እናነበዋለን» አለችኝ።

በፍቅር ነው ያለችው። ያስፈራኝም እሱ ነው! ምክንያቱም የብሎጌ የመጨረሻ ጽሑፍ፣ ከሁሉ በላይ የሚታየው፣ ርዕሱ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ካገባሁ ስሜ ታምራት አይደለም!»

ውስጡማ አይነሳ። «ትዳር እንደ ጅማ የሐምሌ ጭቃ ነው፤ ጫማህን ካልተውክለት አይለቅህም» ብያለሁ። «ሽማግሌ ልኬ ደጅ ከምጠና ጅብ ቢበላኝ እመርጣለሁ» ብያለሁ። ይህም ባልከፋ። የከፋው ቀኑ ነው! ጽሑፉ የወጣው የሰብለ አባት ዘንድ ሽማግሌ ከመላኬ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ለሰብለ «ካየሁሽ ቀን ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ካንቺ ጋር ከመጋባት ሌላ አሳብ አልነበረኝም» ብያታለሁ። ሽማግሌዎቹም ይህንኑ አባቷ ፊት ተነሥተው ተናግረዋል። አንደኛው እንዲያውም እንባ ቀረሽ ነበር።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለዋል አበው። አበው ብሎግ ስላልነበራቸው ነው! እኔ የተናገርኩት እንዲጠፋልኝ ነበር የምፈልገው፤ ያውም ከእሁድ በፊት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰብለ ልጃችንን ይዛ ገበያ ወጣች። በሩ ሲዘጋ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰቀልኩ። የይለፍ ቃሉን ብጽፍ «ተሳስተዋል»። ብደግም «ተሳስተዋል»። በመጨረሻ «የይለፍ ቃልዎን ረሱ?» አለኝ። አዎ፣ ረሳሁ! «አይጨነቁ፣ ሚስጥራዊ ኮድ ወደ ስልክዎ ልከናል።»

ወደ የትኛው ስልኬ? ወደ ድሮው! የድሮው ስልኬ እኮ የሰርጌ ዕለት ፎቶ ስንነሳ ሚዜዬ «ፈገግ በል እንጂ» ሲለኝ ከእጄ አምልጦ አወቱ ወንዝ ገብቷል። እኔም አዲስ ቁጥር አወጣሁና ረሳሁት። ሳይሠራ የከረመ ቁጥር ደግሞ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ የእኔ ሚስጥር በዚያች ደቂቃ የማላውቀው ሰው ኪስ ውስጥ «ጢጥ» ብሏል።

መደወል ነበረብኝ። የራሴ ስልክ ማይኩ ከተበላሸ ሳምንቱ ነው፤ እኔ እሰማለሁ፣ ሰው አይሰማኝም። የሰብለ ስልክ ግን ቻርጅ ላይ ነበር... አያችሁ ሰይጣን ነገሩን እንዴት እንደሚያመቻቸው? አነሣሁና ደወልኩ።

«ሃሎ!» አሉ አንዲት እናት። የድምፃቸው ጉልበት ስልክ የሚያስፈልገው አልነበረም።

«እንደምን አደሩ እናቴ? ታምራት እባላለሁ...»

«ታምራት የሚባል የለም! ቁጥሩ ተሳስቷል!» ጠረቀሙት።

ደገምኩ። «እናቴ አይዝጉብኝ! ታምራት እኮ እኔው ራሴ ነኝ። የያዙት የድሮ ቁጥሬ ነው።»

«ማል ጄቴ? ምን አልክ? አንተ ነህ ታምራት? ያ ረቢ! አምስት ዓመት ሙሉ ‹ታምራት የለም› ስል ምላሴ አለቀ እኮ!»

እማማ ዘይነባ ይባላሉ። አሰንዳቦ መንገድ ዳር በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ። ቁጥሬን ከነጣጣው ተረክበው ኖረዋል ለካ! እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ብጠይቅ ደስ ባለኝ፤ ግን ሰብለ ከገበያ ልትመለስ ነው።

«እማማ፣ አሁን አንድ ኮድ መጥቶልዎታል። እሱን ቢነግሩኝ...»

«ኮድ!» ድምፃቸው ተለወጠ። «ልጄ ‹ኮድ የሚጠይቅሽ ሁሉ ሌባ ነው› ብላኛለች። ታምራት መሆንህን በምን ልወቅ?»

«ይጠይቁኝ!»

ጠየቁኝ። ባንክ ተሰልፌ እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም።

«ሄርማታ ያለው ልብስ ሰፊ ምን ሰፍቶልህ ነው ሳትወስድ የቀረኸው?»

«ኮት። ቡናማ።»

«ልክ ነው። ሁለት ዓመት ደውሎ ‹ለሌላ ሰው ሸጥኩት በሉት› ብሏል። በያ፣ በል እንግዲህ፣ አሁን ነገርኩህ። የአከራይህ ድመት ስንት ወለደች?»

«እሱን እንኳ አላውቅም እማማ። ቤቱን ከለቀቅሁ በኋላ ይሆናል።»

«አምስት። አለማወቅህ ጥሩ ነው፤ ብታውቅ እጠረጥርህ ነበር። ጥርስህስ?»

«የቱ ጥርሴ?»

«የሚያምህ ነዋ! ከጥርስ ሕክምናው ‹ከቀጠሮው ለምን ቀረ?› ብለው ደወሉ። እኔ ‹ድኖለታል› አልኳቸው።»

«ተነቀለ እማማ።»

«አልሐምዱሊላህ። አንድ ሰውዬ ደግሞ በየበዓሉ እየደወለ ‹ለምን መጻፍ ተወ?› ይለኝ ነበር።»

እዚህ ላይ፣ አልደብቃችሁም፣ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። የሚፈልገኝ ሰው ነበር ማለት ነው! «ምን አሉት እማማ?»

«‹ታምራት የለም› አልኩት። ‹መቼ?› አለኝ። ‹እኔ ይሄን ስልክ ከያዝኩ ወዲህ የለም› አልኩት። ‹ነፍስ ይማር› ብሎ እያለቀሰ ዘጋ።»

(ከሦስታችሁ ያ ማን ነበር? ወንድሜ፣ ሐዘንህን አውልቅ፤ አለሁ!)

እንግዲህ ገመናዬን እዚህ ድረስ ከሚያውቁ እናት መደበቅ ነውር ነው። ሁሉንም ዘከዘክሁላቸው፦ ማግባቴን፣ መውለዴን፣ መመለጤን፣ የጻፍኩትን፣ የቀኑን ነገር፣ እሁድንም።

«ሚስትህን ዋሸሃታ!»

«ኧረ አልዋሸሁም እማማ! ፎክሬ ነው።»

«ፉከራና ውሸት ምንና ምን ናቸው?»

«...የእናት ልጆች ናቸው።»

«ኤዬ፣ አዎ፣ አሁን እውነት ተናገርክ። ለትዳር ሲባል ኮዱን እነግርሃለሁ። ግን በአማርኛ አታንተባትበኝ፤ ቁጥር የሚቀናኝ በኦሮምኛ ነው። ጻፍ! ሰዲ፣ ሰገል፣ ሰዴት፣ ጀአ፣ ሰዴት፣ ሰዲ!»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ኀፍረቴን ልግለጥ። ጅማ ከገባሁ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ኦሮምኛ እቀልድበታለሁ፣ እለምንበታለሁ፣ ሲሰድቡኝም ይገባኛል። ሰዲና ሰዴት ግን ዛሬም ይምታቱብኛል። አንዱ ሦስት ነው፣ አንዱ ስምንት። ሦስት ኪሎ ድንች እገዛለሁ ብዬ ስምንት ተሸክሜ የገባሁበት ቀን አለ፤ ያን ሳምንት ቁርስ ድንች፣ ምሳ ድንች ነበር። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ከስድስቱ አራቱ ሰዲና ሰዴት!

ጻፍኩ። «ተሳስተዋል።» አስደገምኳቸው፤ እሳቸውም ጮኹ፣ እኔም ጻፍኩ። «ተሳስተዋል።» ለሦስተኛ ጊዜ «ሰዲ አሉኝ ወይስ ሰዴት?» ስላቸው «ሰዲ ያልኩት ሰዲ ነው፣ ሰዴት ያልኩት ሰዴት ነው!» አሉኝ። ከዚህ በላይ ግልጽ መልስ የለም። ጻፍኩ። «ለደህንነትዎ ሲባል እስከ ነገ ጠዋት ተዘግቷል።»

«አይዞህ ያ ኢልመ ኮ፣ አይዞህ ልጄ» አሉ እማማ ዘይነባ። «ነገም አለሁ።»

የውጭው በር ሲንኳኳ የደወልኩበትን ከሰብለ ስልክ ላይ አጠፋሁና ቻርጁ ላይ መለስኩት። ብልጠቴ ራሴን አስደነቀኝ። አንዲት ነገር ብቻ ረስቼ ነበር፤ ስልኩ የማን እንደሆነ ለእማማ ዘይነባ አልነገርኳቸውም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን። ሰብለ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ ሶፋው ላይ ተመቻችታ፣ ስልኳን አወጣች።

«በል ናማ ደራሲው!»

ራሴን አመመኝ ልበል፣ ወይስ መብራት ይጥፋ ብዬ ስለት ልሳል እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ቁጥሬ ነዋ! ሰብለ ስልኩን እንደያዘችው ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሣችው።

«ሃሎ?»

«ያ ኢልመ ኮ!» አሉ እማማ ዘይነባ ቤቱን ሞልተው። «ያንን ጽሑፍ ሚስትህ ሳታየው አጠፋኸው ወይ?»

ልጃችን እንኳ መጫወቷን አቆመች። ሰብለ ስልኩን አየች። እኔን አየች። ስልኩን አየች።

«አላጠፋውም እናቴ» አለች ረጋ ብላ። «ሚስቱ ነኝ።»

«ሱብሃነላህ!» ከዚያ የመጨረሻ ጉልበታቸውን አሰባስበው ሊያድኑኝ ሞከሩ፦ «ታምራት የሚባል የለም! ቁጥሩ ተሳስቷል!» ጠረቀሙት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሰብለ መልሳ ደወለች፤ ሁለቱ በኦሮምኛ አወሩ፣ ሳቁ፣ እንደገና አወሩ። እኔ ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው ቆሜያለሁ። ከዚያ ሰብለ «ኮዱን አስልክ» አለችኝ። አስላክሁ። እማማ ዘይነባ አንድ ጊዜ ነገሯት፣ ሰብለ አንድ ጊዜ ጻፈች፣ ብሎጉ ተከፈተ። እንዲህ ቀላል ነበር ለካ!

ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ጭቃው ላይ አልሳቀችም። ጅቡም ላይ አልሳቀችም። ቀኑ ላይ ስትደርስ በጣቶቿ እየቆጠረች፣

«ዐሥራ ሁለት ቀን» አለች። «ሁለት ዓመት ስታስብ ከርመህ ነው ይሄን የጻፍከው?»

ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። እውነቱ ብቻ ቀረኝ።

«ፈርቼ ነበር ሰብልዬ። አባትሽ ሽማግሌዎቹን አሳፍረው የሚመልሷቸው መስሎኝ ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ፣ እዚህ አንድ ዘመድ የሌለው ሰው... እምቢ ከተባልኩ ‹ድሮም አልፈለግሁም› ብዬ ለማምለጥ አስቀድሜ ጻፍኩት። እንቅልፍ አልነበረኝም።»

ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ፈሪ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ለዘብ አለ። «ያንኑ ሁለት ሳምንት እኔ ምን ስሠራ እንደነበር ታውቃለህ? አባዬን ስለምን! ‹ሽማግሌ ከላከ እሺ በል፣ እባክህ› እያልኩ። አንተ ጅብ ይብላኝ ስትል እኔ አባቴን እግሩን እያጠብኩ እለምን ነበር።»

ከአምስት ዓመት በላይ አብሬያት ስኖር ይህን አልነገረችኝም። ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ። ልጃችን «አባዬ ለምን ያለቅሳል?» አለች፤ እናቷም «ድንች ትዝ ብሎት ነው» አለቻት።

«በቃ ላጥፋው?» አልኳት እጄን ዘርግቼ።

«ማን ፈቅዶልህ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይቀመጣል። ልጃችን ስታድግ ታነበዋለች።» ከዚያ ስልኳ ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ነካካች። የይለፍ ቃሉን ቀየረች፤ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፣ ይህን እንድጽፍም የከፈተችልኝ እሷ ናት። አንድ ሌላ ነገርም ቀየረች። «‹ካገባሁ ስሜ ታምራት አይደለም› ብለህ አልነበር? ቃልህን ላስከብርልህ ነው።»

ይኸው ነው እንግዲህ ከላይ ያያችሁት ስም።

ትናንት ማይኬ ተጠግኖልኝ እማማ ዘይነባን ላመሰግናቸው ደወልኩ።

«እንደምን ዋሉ እማማ? ታምራት ነኝ።»

«ታምራት የሚባል የለም!»

ልማድ ሆኖባቸው ነው አልኩና ጉሮሮዬን ጠርጌ ሰብለ ብሎጉ ላይ ያወጣችልኝን አዲሱን ስሜን ተናገርኩ።

«የሰብለ ባል ነኝ።»

«ኤዬ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «እንዲህ ስምህን ተናገር እንጂ!»